በልደቱ አትፍረዱበት

አንድ የገና ሰሞን ላሊበላ ላይ ወጣት አስጎብኚ ለእንግዶቹ ሲተርክ ሰማሁ፦ «ድሮ እዚህ ያርፍ የነበረው ከጦርነት የተረፈ አሮጌ አውሮፕላን ነው፤ ሰው በሰላም የሚደርሰው በቅዱሱ አማላጅነት ብቻ ነበር።» እንግዶቹ ሳቁ። በአማላጅነቱ አልከራከርም። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነኝና የዕድሜው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከጦርነት መትረፉስ እውነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር የጀመረው ከአሜሪካ ጦር ትርፍ ንብረት በተገዙ ሲ-47ዎች፣ ማለትም ለጦር በተሠሩ ዲሲ-3ዎች ነው። ተሳፋሪው በጎንና በጎን በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል።

ታዲያ አውሮፕላን ዕድሜው የሚቆጠረው በልደቱ ነው ያለው ማነው? እኛ የምንቆጥረው የበረረበትን ሰዓትና የተነሣ ያረፈበትን ብዛት ነው። የዛሬው ጄት በየበረራው ሆዱ በአየር ግፊት ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ ብረቱን የሚያደክመው ይህ ነው። ዲሲ-3 ግፊት የሚባል ነገር አያውቅም። ሞተሩ ሰዓቱ ሲሞላ ወርዶ ይፈታል፣ የመሪው ጨርቅ ሲያረጅ ይቀየራል። ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ እናዞራለን፤ ሌሊቱን ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች የወረደ ዘይት ካለ ሞተሩን ሳይሰብር እንዲታወቅ።

የዚያን ጊዜው የላሊበላ ሜዳ አስፋልት አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ይጨቀያል፣ በረራውም ይቋረጣል። በበጋ ግን ለጠጠር ሜዳ ከዲሲ-3 የተሻለ ከየት ይመጣል? ጅራቱ መሬት ላይ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ይርቃል። የሚያሳስበው የላስታ ከፍታ ነበር። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል፤ ጭነት የሞላ ዲሲ-3 አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በዚያ ከፍታ ሊቆይ አይችልም። ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። መድኃኒቱ በጠዋት መብረርና ጭነት መቀነስ ነው፤ ይህ ለአዲሱም ለአሮጌውም አንድ ነው።

ከሥራ ያስወጣውም እርጅና ብቻ አይደለም። የሚጠጣው የአውሮፕላን ቤንዚን ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ጄት ነዳጅ ሲዞሩ ለጥቂት አውሮፕላኖች ሲባል ሌላ ነዳጅ በየሜዳው ማከማቸት አያዋጣም። ሞተሩም ከተርባይን ይልቅ ብዙ የሰው እጅ ይፈልጋል።

አስጎብኚዎቻችን፣ ተረኩን ከወደዳችሁት ጭቃውንና ቤንዚኑን ጨምሩበት። ዕድሜውን ግን ተዉት፤ መንገድ ወደማይደርስባቸው የኮሎምቢያ መንደሮች እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሰውና ጭነት ሲያመላልስ የነበረው ይኸው ዲሲ-3 ነው።