የሚታይ እጅና የሚያይ ዓይን፤ ሥዕልን በቪዲዮ ስለ መማርና ስለ ማስተማር

ሥዕል ከንባብ ይልቅ በመምህር አጠገብ በመዋል የሚገኝ ጥበብ በመሆኑ፣ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ዘንድ ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ቀለም እየበጠበጠና ሸራ እያዘጋጀ፣ ከዚያም የመምህሩን ንድፍ እየቀዳ፣ እጁ ሲጠና የልብሱን እጥፋትና የዳር ጌጡን እየሞላ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ሠዓሊነት ይደርስ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሳይነጣጠሉ ይገኙ ነበር፤ ተማሪው የመምህሩን እጅ ያያል፣ መምህሩም የተማሪውን እጅ ያያል። ዛሬ አንድ ወጣት በስልኩ ላይ ከሩቅ አገር የተቀረጸ የሥዕል ትምህርት ሲከታተል፣ ከመምህሩ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለማይገናኝ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደ ጸና የትኛው እንደ ጎደለ መመርመር ለተማሪውም ለመምህሩም የሚበጅ ነገር ነው።

በሩቅ ሆኖ ሥዕል መማር በኢንተርኔት ዘመን የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ በዌስትፖርት ከተማ፣ አልበርት ዶርንና ኖርማን ሮክዌል ከሌሎች ዕውቅ ሠዓልያን ጋር ሆነው ያቋቋሙት «ፌመስ አርቲስትስ ስኩል» ትምህርቱን በፖስታ ይልክ ነበር። ተማሪው ሥራውን ሠርቶ ሲልክ፣ አስተማሪው በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት አልብሶ፣ የተዛባውን መስመር በዚያ ወረቀት ላይ አቅንቶ፣ የእርማቱን ምክንያት ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ይመልስለት ነበር። ከዚህም ቀደም ብሎ «ፒነትስ» የተባለውን የጋዜጣ ሥዕላዊ ተረት እ.ኤ.አ. በ1950 የጀመሩት ቻርልስ ሹልዝ፣ መቀመጫው በሚኒያፖሊስ ከነበረ የፖስታ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ሕፃናትን ስለ መሣል በሚያስተምረው ክፍል ያገኙት ማርክ መካከለኛ ነበር፣ በኋላ ግን ስማቸው በዓለም የተሰማው ሕፃናትን በመሣል ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤትም የሌሎችን ሥራ የሚያርሙ አስተማሪ ሆነዋል። እንግዲህ በፖስታው ዘመን ተማሪው የመምህሩን እጅ ሲንቀሳቀስ አያይም ነበር፤ መምህሩ ግን የተማሪውን ሥራ ያይለት ነበር።

ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኔጊ የተባሉ አሜሪካዊ፣ ማናቸውም ቅርጽ ከድቡልቡል፣ ከሾጣጣ፣ ከኪዩብና ከሲሊንደር እንደሚወጣ በማሳየት በቴሌቪዥን ሥዕል ማስተማር ጀመሩ። ከእርሳቸውም በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 የዘለቀው የቦብ ሮስ መርሐ ግብር በ403 ክፍሎች የዘይት ቀለም ሥዕልን ለሕዝብ አሳየ። ቦብ ሮስ በአሜሪካ አየር ኃይል ለሃያ ዓመታት ያገለገሉ፣ ከዚያም በአላስካ ያዩትን ተራራና ደን በሸራ ላይ ያዋሉ ሰው ሲሆኑ፣ እርጥብ ቀለምን በእርጥብ ቀለም ላይ በመቀባት አንድ ሥዕል በግማሽ ሰዓት ያህል ይጨርሱ ነበር። ነገር ግን ተመልካቹ የማያየው አንድ ምሥጢር ነበረ፤ ይኸውም እያንዳንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ መሣላቸው ነው፣ አንደኛውን ለራሳቸው አብነት አስቀድመው፣ ሁለተኛውን በካሜራ ፊት፣ ሦስተኛውንም ለማስተማሪያው መጽሐፍ። ያ ሁሉ ቅለት የዝግጅትና የድካም ፍሬ ነበር። በቴሌቪዥኑ ዘመን እንግዲህ እጁ ታየ፤ የሚያይና የሚያርም ዓይን ግን ጎደለ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ዩቲዩብን የመሰሉ መድረኮች ሲስፋፉ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት የትምህርት ቤቶች በር በተዘጋ ጊዜ፣ የቪዲዮ ትምህርት ለብዙዎች ዋና መንገድ ሆነ። ጥቅሙም የሚናቅ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ የመምህሩን ጀርባ እንጂ ጣቱን አያይም፤ ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለ ካሜራ ግን የእርሳሱን አያያዝ፣ የክንዱን አወራወር፣ ብሩሹ ቀለሙን የሚተውበትን ቅጽበት ለሁሉም እኩል ያሳያል፤ ተማሪውም ያልገባውን ቦታ አቁሞ፣ ወደ ኋላ መልሶ፣ ያለ እፍረት ደጋግሞ ሊያይ ይችላል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተሰጥዖ ባለቤቶችን ሁሉ ሊቀበል አይችልምና፣ የሥዕል መምህር በሌለበት ከተማ የሚኖር ልጅ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ያወረደው ትምህርት ታላቅ በረከት ነው።

ይሁን እንጂ ማየት ብቻውን መቻልን አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አንድን ብልሃት የሚያሳይ ቪዲዮ ሃያ ጊዜ የተመለከቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ከተመለከቱት ይልቅ «እኔም እችለዋለሁ» የሚል እምነት አደረባቸው፤ የዳርት ውርወራን በቪዲዮ አይተው ወደ ዒላማው እንዲወረውሩ በተደረገ ጊዜ ግን ብዙ ያየው ጥቂት ካየው አልበለጠም። በሌላ ሙከራም በቪዲዮ ያዩትን የጨዋታ ዕቃ ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው የያዙ ተሳታፊዎች ስለ ራሳቸው ችሎታ የነበራቸው ግምት ወዲያውኑ ዝቅ አለ። የእጅ ንክኪ ሐሰተኛውን እምነት እንደሚያርም ከዚህ እንማራለን፤ ሥዕል በሚማር ሰው ላይም ይኸው ይደርሳል፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ የተጨመረ ቪዲዮ የሰዓታትን ሥራ በደቂቃ አጥፎ ሲያሳይ፣ ሠዓሊው ቆም ብሎ ያሰበበትን፣ የደመሰሰበትን፣ ራቅ ብሎ ያየበትን ጊዜ ቆርጦ ይጥላልና።

ሁለተኛው ጉድለት የቀለም ነው። ስክሪን ብርሃን አመንጪ ሲሆን ቀለም የተቀባ ሸራ ግን በላዩ ያረፈውን ብርሃን መላሽ ነው፤ በዚህም ምክንያት ተማሪው በስልኩ የሚያየው ቀይ በሸራው ላይ ከሚያገኘው ቀይ ጋር አይገጥምም። የዘይት ቀለም ውፍረት፣ የብሩሽ ፈለግ፣ የሥዕሉም እውነተኛ መጠን በመስተዋቱ ላይ ይጠፋሉ። ስለዚህ የቪዲዮ ተማሪ አልፎ አልፎ ወደ ሙዚየም፣ ወደ ዐውደ ርእይ፣ ወይም ጥንታዊ ሥዕል ወዳለበት ቤተ መቅደስ ሄዶ በዓይኑ በብረቱ ማየት ይገባዋል።

ተማሪው ሊከተለው የሚገባው ሥርዓት ቀላል ነው። ትምህርቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይመልከት፤ ሁለተኛ ጊዜ በየክፍሉ እያቆመ አብሮ ይሣል፤ ሦስተኛ ጊዜ ቪዲዮውን ዘግቶ፣ ያንኑ ዘዴ በፊቱ ባለ ነገር፣ በጀበናም ሆነ በእናቱ ፊት ላይ፣ ይፈትነው። የመምህሩን ተራራ በሚገባ የቀዳ ሁሉ ተራራ መሣል ተማረ አይባልም፤ የተማረው የራሱን ተራራ መሣል ሲችል ነው።

መምህሩም በበኩሉ ብርሃኑን ከሚሥለው እጁ በተቃራኒ ወገን ያቁም፣ ጥላው በመስመሩ ላይ እንዳያርፍ፤ ካሜራው በራሱ ጊዜ ቀለሙን እንዳይለዋውጥ ቅንብሩን ይቆልፍ፤ ስሕተቱን ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ እንዴት እንዳቀናው ያሳይ፤ «ይህን አድርጉ» ብቻ ሳይሆን «ይህን የማደርገው ስለዚህ ነው» ይበል። ከሁሉም በላይ ግን የተማሪዎቹን ሥራ ይቀበል፤ ተማሪው ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ሲልክለት፣ መምህሩ በሥዕሉ ላይ መስመር አስምሮ፣ ድምፁን ቀርጾ ቢመልስለት፣ የፖስታው ትምህርት ቤት በቀናትና በሳምንታት ያደርገው የነበረውን በደቂቃዎች ይፈጽመዋል።

የዘመናችን መሣሪያ ከቀድሞዎቹ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ፖስታ የነፈገውን እጅና ቴሌቪዥን የነፈገውን ዓይን በአንድነት መልሶ ሊሰጠን ይችላል። ይህ ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ቪዲዮው የሚሰጠው ግማሹን ነውና፣ ተማሪ የሆነ ሁሉ ሥራውን የሚያይለትና በእውነት የሚያርምለት አንድ ሰው ይፈልግ፤ መምህር የሆነም የተመልካቾቹን ብዛት ሳይሆን ያረመላቸውን እጆች ይቍጠር።