ሽንኩርት ላይ የምትነሰንሱት ሱማቅ ለጥምም ይሆናል

በማርካ የምትሠሩ እህቶች ከሱማቅ ጋር ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ማዳም መሰኸን ስታዝዝ፣ ሽንኩርቱ በወይራ ዘይት ከተቁላላ በኋላ እፍኝ ሙሉ የሚነሰነስበት ያ ቀይ ዱቄት ነው። ፈቱሽ ሰላጣ ላይ አለ፣ ዘዕተሩ ውስጥም አለ። ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ሲፈስ ለማስለቀቅ የምትታገሉትም እናንተው ናችሁ። ብዙዎቻችሁ ምናልባት ያላያችሁት ዱቄቱ ከመፈጨቱ በፊት ምን እንደነበረ ነው። ሱማቅ በዮርዳኖስ ሰሜናዊ ኮረብታዎች ላይ በዱር የሚበቅል ቁጥቋጦ ፍሬ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ደግሞ እንደ ሎሚ ጭማቂ የሚኮመጥጥ፣ ቀላ ያለ መጠጥ ይወጣዋል። ጣራ ላይ ልብስ አስጥታችሁ ስትወርዱ ጉሮሮ የሚያርስ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ማን ይጠላል?

ነገሩ የዚህ አገር ብቻም አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሱማቅ ዘመድ ከሆነ የዱር ቁጥቋጦ ፍሬ ተመሳሳይ ቀዝቃዛ መጠጥ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። በእኛም አገር ሱማቅ ዘመድ አለው። በየተራራው የምናውቃቸው እምብስና ቃሞ የዚሁ ወገን ናቸው። ከብት ስትጠብቅ ቃሞ ለቅማ የበላች ልጅ፣ አጋምና ቀጋ ፍለጋ እሾህ የቧጨራት ልጅ፣ ሱማቅን አፏ ውስጥ ስታደርግ ጣዕሙ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይሆንባትም።

ቁጥቋጦው ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል። ቅጠሎቹ ጥርሳም ጠርዝ አላቸው፤ በአንድ አጥንት ግራና ቀኝ ተደርድረው ይወጣሉ። ፍሬው ምስር ያክላል፣ ፀጉር የመሰለ ስስ ሽፋን አለው፣ ቀለሙ ደም መስሎ ወደ ቡናማ ያደላል። ዋናው ምልክቱ ዘለላው ነው፤ እንደ ወይን ወደ ታች አይንጠለጠልም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ይህን አስታውሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ «መርዛማ ሱማቅ» የሚል ነገር ብታዩ ደግሞ አትደንግጡ። እሱ ፍሬው ነጭ የሆነ፣ በሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ ቦታ የሚበቅል ሌላ ተክል ነው።

ፍሬው የሚደርሰው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ አገር ቤት አደይ አበባ በሚወጣበት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ኮምጣጣው ነገር ያለው ከፍሬው ውስጥ ሳይሆን ከላይ ካለው ሽፋን ላይ በመሆኑ፣ ዝናብ ከመታው ታጥቦ ይሄዳል። የዮርዳኖስ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከጥቅምት ወዲያ ስለሚጀምር፣ ለቃሚዎች ከዚያ ቀድመው ይጨርሳሉ።

ማርካ ውስጥ፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በሕንፃዎቹ መካከል፣ የዱር ሱማቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ሱማቅ የሚገኘው በጀረሽና በአጅሉን ኮረብታዎች ላይ ነው። ወደዚያ የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሱት ከማርካ ብዙም ከማይርቀው የጠበርቦር መናኸሪያ፣ ሰዉ ሙጀመዕ አሽ-ሸማል ከሚለው ነው። አጅሉን ከአማን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በጁምዓ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ጁምዓ ለሚሰጣችሁ ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዮርዳኖስ ደንብ ቁጥር 90 የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እንዳላት ይናገራል። ወረቀቱ ላይ ያለውና ቤት ውስጥ ያለው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የምትወጡ ከሆነ ኢቃማችሁን ይዛችሁ፣ ብቻችሁን ሳይሆን ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ውጡ። በአጅሉን የደን ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ምንም አትልቀሙ፤ ቦታው በንጉሣዊው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ውጭም ቢሆን በወይራ ማሳ ዳር የሚታየው ሱማቅ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አለው። «ሙምኪን?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ከዋናው መንገድ ዳር ያለውን ግን ቢፈቀድላችሁም ተዉት። አቧራውና የመኪናው ጭስ የሚያርፈው ያው ኮምጣጣው ሽፋን ላይ ነው፣ አጥባችሁ እንዳታስለቅቁት ደግሞ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል።

መውጣት የማትችሉ አጣሩ ቤት ይበቃችኋል። በመሀል ከተማ፣ በወስጥ አልበለድ ያሉ የቅመም ነጋዴዎች ሳይፈጭ ይሸጡታል። «ሱማቅ ሐብ፣ ሚሽ መጥሑን» በሏቸው፤ ፍሬ ነው የምፈልገው፣ የተፈጨ አይደለም ማለት ነው። ወጥ ቤት ያለውን ዱቄት ለመጠጥ አንመክርም። የተፈጨው ብዙ ጊዜ ጨው ይገባበታል፣ አንዳንዱ ነጋዴ ቀለምም ይጨምርበታል፤ መጠጡም ይደፈርሳል።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ብርጭቆ ፍሬ ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ዘለላውን አራግፋችሁ ነፍሳትና ቅጠል አስወግዱ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ አውጡት። ጎመን እንደሚታጠበው ደጋግማችሁ አትጠቡት። ፍሬውን በብርጭቆ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ አሲድ ስለሆነ አሉሚኒየም ድስት አይስማማውም። ውሃውን ጨምራችሁ በታጠበ እጅ ለአምስት ደቂቃ ያህል እሹት፤ ጌሾ እንደሚታሸው ሳይሆን ለስለስ አድርጋችሁ፣ ፍሬው ሳይደቅ። ከዚያ ከድናችሁ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት። ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ማጥለልም ይቻላል።

ውሃውን ለምን አናፈላውም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኛ ሻይም ቡናም አፍልተን ነው የለመድነው። ሱማቅ ውስጥ ታኒን የሚባል፣ አፍን የሚያኮማትር ነገር በብዛት አለ። የጥንት ሰዎች የሱማቅን ቅጠል ቆዳ ለማልፋት የተጠቀሙበት በዚሁ ምክንያት ነው። የፈላ ውሃ ታኒኑን አውጥቶ መጠጡን ያመርረዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ቀለሙንና ኮምጣጣነቱን ይዞ ምሬቱን ከፍሬው ጋር ይተወዋል።

ሲጠለል ወንፊት ብቻውን አይበቃም። የፍሬው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ነጠላ ካላችሁ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ሁለት ጊዜ አጥልሉት። ጨርቁ ይቀላል፣ ስለዚህ የማዳምን አዲስ ፎጣ አታንሱ። ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ጥቂት የነዕናዕ ቅጠል፣ በረዶ ካለ በረዶ። ማር የሚያገኝ ሰው በማር ሲሞክረው ብርዝ ያስታውሰዋል። የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሌለበት ለጾመኛ ይሆናል፤ ረመዳን ለምትጾሙም ለማፍጠሪያ ከተምር ሂንዲ ጎን የሚቀመጥ ነው።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከዋለ፣ ስኳሩ መፍላት ይጀምራል። አረፋ ካያችሁ ድፉት። «ሠራተኛዋ ቤቴ ውስጥ መጠጥ ጠመቀች» የሚል ወሬ እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ከመጠጡ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ራሳችሁ የለቀማችሁትን ነገር ለቤቱ ልጆች ወይም ለአሮጊቷ ሳትናገሩ አታጠጡ። ልጁ በሌላ ምክንያት ሆዱን ቢያመው እንኳ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ማዳም አይታው፣ አውቃው፣ ፈቅዳ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ጠርሙሱን ለይታችሁ፣ ምን እንደሆነ በዐረብኛ ተጽፎበት፣ ለራሳችሁ አስቀምጡት።

ማርካ ሰፈር ውስጥ ልትለቅሟቸው የማይገቡ ሁለት ዛፎች አሉ፣ ሁለቱንም ከአገር ቤት ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው ቁንዶ በርበሬ የምንለው፣ ቅርንጫፉ እንደ ሹሩባ ወደ ታች የሚወርደው ዛፍ ነው። ሮዝ ፍሬው ከሩቅ ሱማቅ ይመስላል፣ ነገር ግን ዘለላው ይንጠለጠላል፤ የሱማቅ ይቆማል ያልነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ዐረቦቹ ዘንዘለኽት ይሉታል፤ አገር ቤት ብዙ ሰው ኒም ብሎ ይጠራዋል። በክረምት ቅጠሉ ረግፎ ቢጫ ፍሬው በዘለላ ዛፉ ላይ ይቀራል፣ ሲያዩት የሚበላ ይመስላል። መርዝ ነው። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ብዙ ከተበላ ነርቭ ይነካል። ልጅም ሆነ ጓደኛ ከበላው ሳትዘገዩ 911 ደውሉ፣ ፍሬውንም ለሐኪም ለማሳየት ያዙት።

ዘንዘለኽትን ሰው የሚያሳስተው ከገባ ጋር ነው። ገባ፣ በአንዳንድ ቦታ ቁርቁራ የምንለው ዓይነት ፍሬ፣ እዚህም አለ፤ ዶም ወይም ነብቅ ይሉታል። የሚበቅለው ግን ሙቀት ባለበት በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ በጎር ነው። ማርካ ከባሕር ጠለል በላይ 770 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ክረምቷ የሚበርድ ሰፈር ናት፤ ገባ እዚህ መንገድ ዳር አይጠበቅም። ዛፉ እሾህ ከሌለው ገባ አይደለም። ካማራችሁ ከጋሪ ነጋዴ ግዙት።

ሱማቁን ራሱንም የማይጠጡት ሰዎች አሉ። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ አይሞክረው፤ ጨጓራ ደግሞ በእኛ መካከል ያልያዘው ጥቂት ነው። ካሹ፣ ፒስታሽዮ ወይም ማንጎ የሚያሳክከው ሰው ይተወው፣ ሱማቅ የእነሱ ቤተሰብ ነው። ደም ማነስ ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ከምግብ ጋር አትጠጣው፤ ታኒን እንደ ሻይ ሁሉ ሰውነት ከምግብ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሱማቅ እስኪደርስ መጠበቅ ለከበዳችሁ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቱት አለ፤ የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ ፍሬ። በአማን ግቢዎች ውስጥ በብዛት ተተክሏል፣ ከአጥር ወጥቶ የእግረኛ መንገዱን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ከመሬት አታንሱት፤ ባለግቢውን ጠይቃችሁ ከታች ጨርቅ ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርጉት፣ የበሰለው ራሱ ይወርዳል። አጥባችሁ፣ በማንኪያ ጨፍልቃችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ውሃና ትንሽ ሎሚ መጨመር ነው። ስኳር እምብዛም አይፈልግም። እጃችሁን ግን ለሁለት ቀን ያጠቁረዋል፣ እንግዳ በሚመጣበት ዋዜማ አትልቀሙት።