ስለሚደጋገም የጽንስ መጨንገፍና ስለ ሰውነት መከላከያ መልእክተኞች

ጽንስ በእናቱ ማሕፀን ቢያድርም እኩሌታው ከአባቱ የተወረሰ ስለ ሆነ፥ ለእናቲቱ ሰውነት በከፊል ባዕድ ነው። የሌላ ሰው ቆዳ ቢለጠፍብን ሰውነታችን አይቀበለውም፤ ታዲያ ጽንሱን ዘጠኝ ወር ተሸክሞ የሚያኖረው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ያነሣው እንግሊዛዊው ሊቅ ፒተር ሜዳወር ነበር።

የመልሱ አንዱ ክፍል ሳይቶካይን በሚባሉ ረቂቅ ንጥረ ነገሮች ዘንድ ይገኛል። እነዚህ የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚላላኩባቸው መልእክተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ «ተዋጋ» ሲሉ፥ እንደ ኢንተርሉኪን 10 ያሉት «ታገሥ» ይላሉ። በ1993 ቶማስ ዌግማንና ባልደረቦቹ እርግዝና የሚጸናው የትዕግሥቱ ወገን ሲያይል ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። አሳቡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ጽንሱ በማሕፀን ግድግዳ ሲተከል «ተዋጋ» የሚሉትም በመጠኑ እንደሚያስፈልጉ ኋላ ታወቀ።

ከዚህም ብዙ ዓይነት ሕክምና ፈለቀ። የባልን ነጭ የደም ሕዋሳት ለሚስቲቱ በመርፌ መስጠት አንዱ ነበር፤ በ1999 የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ግን እንደማይጠቅም፥ ምናልባትም እንደሚጐዳ አሳየ። ከሳይቶካይን ወገን የሆነው ጂ.ሲ.ኤስ.ኤፍ. የተባለው መድኃኒትም በብሪታንያ በ150 ሴቶች ተፈትኖ፥ በ2019 በታተመው ውጤት መድኃኒት ከሌለበት መርፌ አልበለጠም። ሆኖም እንዲህ ያለውን ሕክምና በውድ ዋጋ የሚሸጡ ዛሬም አልጠፉም።

በሀገራችን ጽንስ በተደጋጋሚ ሲጨነግፍ «ሾተላይ አለባት» እየተባለ ሚስቲቱ ትወቀሳለች። ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት የአር.ኤች. የደም አለመጣጣም ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጐዳው ሁለተኛውንና ተከታዩን ልጅ፥ ያውም እርግዝናው ከገፋ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉት ጽንሶች ግን ግማሽ ያህሉ የሚጠፉት ክሮሞሶማቸው ከመነሻው የተዛባ ሆኖ ነው፤ ይህም የማንም ጥፋት አይደለም።

ከመከላከያው ወገን በደም ምርመራ የሚታወቅና መድኃኒት ያለው ምክንያት አንቲፎስፎሊፒድ የተባለው ሕመም ነው። ምርመራው ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ውጤቱ ከጸና፥ በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት አስፕሪንና ሄፓሪን ይሰጣል፤ በዚህም ብዙዎች ልጅ ታቅፈዋል። ምርመራው ምክንያት ያላገኘላቸው ሴቶችም እንኳ የሚበዙት ያለ ልዩ መድኃኒት ኋላ ወልደዋል።