ስለ ጠላ ድፍድፍ አልፈላ ማለት

በአገር ልማድ ጠላ ሲጠመቅ የተገዛ እርሾ አይጨመርበትም፤ የሚያፈላው እርሾ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ጋር የሚገኝ ነው። ስለዚህ የጀማሪዋ ጠማቂ ድፍድፍ ዝም ያለ እንደ ሆነ ነገሩ የእድል ጉድለት ሳይሆን ምክንያት ያለው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት እንኩሮው ነው። ከምጣድ እንደ ወረደ በትኩሱ ከጥንስሱ ጋር ቢቀላቀል እርሾውን ይገድለዋል። ሁለተኛው ብቅሉ ነው፤ በሚገባ ያልበቀለ ወይም በእሳት የተጎዳ ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ለመለወጥ ይሳነዋል፤ እርሾውም የሚመገበውን ያጣል። ሦስተኛው ብርድ ነው፤ በደጋ አገር፣ ይልቁንም በክረምት፣ እርሾው ሳይሞት ያንቀላፋል።

መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ጋኑ ተሸፍኖ ወደ ምድጃው ይጠጋል፤ በማግሥቱ አረፋ ቢታይ እርሾው ተኝቶ እንደ ነበረ ይታወቃል። ብቅሉ የደከመ እንደ ሆነ ጥሩ የብቅል ዱቄት ይጨመራል። በትኩሳት የሞተውን ግን ሙቀት አያስነሣውም፤ ድፍድፉ ከበረደ በኋላ በመፍላት ላይ ያለ ጥንስስ ከጎረቤት ተለምኖ ይገባበታል።

ለድግስ የታሰበ እህል ሳይመረመር ሊደፋ አይገባም፤ የተኛውን ከሞተው መለየት የጠማቂነት የመጀመሪያው ትምህርት ነውና።