“ሲና እጅ አይሰጥም!” ያለው የወሎ ሰፈር ልጅ

ታህሳስ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ንጋት ላይ ወሎ ሰፈር ገና አልነቃም። ከኢትዮ ቻይና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ግን ሁለት ወንድማማቾች ሌሊቱን ሙሉ አይናቸውን አልከደኑም። ታላቅየው በሞባይል ጥገና የሚተዳደር የ33 ዓመት ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ ስኳር ዕቃ አስደግፎ ባቆመው ስልክ ዋሽንግተን ዲሲ ወለል ብላ ትታያለች። ጆን ሲና በሕይወቱ የመጨረሻውን ፍልሚያ እያደረገ ነው።

“ሲና እጅ አይሰጥም! እመነኝ፣ አይሰጥም!” ይላል ታላቅየው፣ በጩኸቱ እናታቸውን እንዳይቀሰቅስ አፉን በእጁ ይዞ። ታናሽየው ጋቢውን እንደተከናነበ ዝም ብሎ ያያል።

ሲና እጅ ሰጠ። ኦስትሪያዊው ጉንተር ከኋላው አንገቱን ቆልፎ ይዞት ሳለ ፈገግ አለና ምንጣፉን በእጁ መታ መታ አደረገ። በሬስሊንግ ቋንቋ ይህ “በቃኝ” ማለት ነው። ለዓመታት ቲሸርቱ ላይ “መቼም እጅ አትስጥ” የሚል መፈክር ይዞ የኖረው ሰው፣ በ48 ዓመቱ ከሪንጉ የተሰናበተው እጅ ሰጥቶ ነው። አዳራሹ በተቃውሞ ተናጋ። ወሎ ሰፈር ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ደብተሩን ዘጋ።

ደብተሩ ተራ ደብተር አይደለም። የሰፈሩ ልጆች “መጽሐፉ” ይሉታል። ታላቅየው በየትልልቁ የሬስሊንግ ዝግጅት ዋዜማ ማን እንደሚያሸንፍ፣ በምን ዘዴ እንደሚያሸንፍ፣ ማን ማንን ከድቶ ከኋላ እንደሚመታ የሚጽፍበት ነው። ስሙ በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈለገም። “ስልካቸውን የሚሰጡኝ ደንበኞች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በዚህ ዕድሜው ሬስሊንግ ያያል ብለው ይስቁብኛል” ይላል እሱም እየሳቀ።

<b>ከቪዲዮ ቤት እስከ ስልክ</b>

ልጁ ከሬስሊንግ ጋር የተዋወቀው በሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው። የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰውዬ። ከሕንድ ፊልሙና ከካራቴው ቀጥሎ ዘ ሮክ፣ ስቶን ኮልድ፣ አንደርቴከርና ትሪፕል ኤች ይመጡ ነበር። እንግሊዝኛው ለማንም አይገባም፤ ማንም ግን አልተቸገረም። ክፉው በፊቱ ይታወቃል፣ ደጉም በመግቢያ ሙዚቃው።

ጆን ሲና በሬስልማኒያ 21 መድረክ ጄ ቢ ኤልን ጥሎ የመጀመሪያውን ትልቁን ቀበቶ የወሰደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2005 ነበር፤ በእኛ 1997 ዓ.ም. ማለት ነው። ልጁ ያኔ የ12 ዓመት ታዳጊ ነው። ፍልሚያውን ያየው ብዙ ቆይቶ፣ ቅጂው ቪዲዮ ቤት ሲደርስ ነው። “እኛ ዘንድ ሲደርስ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ወሬ ነበር። እኛ ግን ዛሬ የተደረገ ነበር የመሰለን” ሲል ያስታውሳል። የግምት ሱሱም የጀመረው ያኔ ነው። ቅጂው ከመከፈቱ በፊት ልጆቹ ማን እንደሚያሸንፍ በብይና በማስቲካ ይወራረዱ ነበር።

<b>“ውጤቱ የተጻፈ አይደል እንዴ?”</b>

የኳስ አፍቃሪ ጓደኞቹ የሚያሾፉበት በዚህች ጥያቄ ነው። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ ውጤቱን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ሬስሊንግ ግን ደራሲ አለው። ማን እንደሚያሸንፍ ተፋላሚዎቹ ራሳቸው ወደ ሪንጉ ከመግባታቸው በፊት ያውቃሉ። ይሄ ሐሜት አይደለም። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ኒው ጀርሲ ግዛት ለሚገኘው ምክር ቤት ሥራው ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን በይፋ ተናግሯል። ምክንያቱም ገንዘብ ነበር፤ እንደ ቦክስ ስፖርት ተብሎ ከተመዘገበ የሚከፍለው ግብርና የሚደረግበት ቁጥጥር ይከብደዋል።

“ታዲያ እኔ የምገምተው ጉልበት መሰላችሁ?” ይላል ልጁ። “እኔ የምገምተው የደራሲውን ሐሳብ ነው።”

ለዚህም ሕግ አለው። አንደኛ፣ የሚሄድ ሰው ይሸነፋል። ጡረታ የሚወጣ ወይም ድርጅቱን የሚለቅ ተፋላሚ ስሙን ለሚቆየው አስረክቦ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ፣ ከትልቁ ዝግጅት በፊት በነበረው የመጨረሻ ሳምንት ተጋጣሚውን ዘርሮ፣ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ የወጣ ሰው በትልቁ ቀን ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ “አይሆንም” ብሎ የደመደመውን ነገር ድርጅቱ አንዳንዴ ሆን ብሎ ያደርገዋል።

ሦስተኛውን ሕግ ያስተማረው አንደርቴከር ነው። “ቀባሪው” እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሬስልማኒያ መድረክ 21 ጊዜ ተፋልሞ 21 ጊዜ አሸንፎ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ብሮክ ሌስነር ሲገጥመው የወሎ ሰፈሩ ተንባይ ደብተሩ ላይ በትልልቅ ፊደል “22 ለ 0” ብሎ ጻፈ። ሆነ ግን 21 ለ 1። አዳራሹ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የቀሩ ተመልካቾች ምስል በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። “እኔም እዚህ ሆኜ ልክ እንደነሱ ነበር የሆንኩት” ይላል።

የሰመረለት ቀንም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2019 በሬስልማኒያ 35 ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ዳንኤል ብራያንን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ፤ ኮፊም አሸነፈ። በአፍሪካ ምድር ተወልዶ ያንን ቀበቶ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በማግስቱ ልጁ በሰፈሩ ካፌ ለጓደኞቹ ማኪያቶ ጋበዘ። ደስታው ግን ዓመት አልሞላም። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ብሮክ ሌስነር መጥቶ በሴኮንዶች ውስጥ ቀበቶውን ነጠቀው።

<b>የፋሲካው ሌሊት</b>

የ2017ቱ ፋሲካ ለልጁ ፈተና ነበር። በዓሉ የዋለው ሚያዝያ 12 ነው። የሬስልማኒያ 41 የመጀመሪያ ምሽት ላስ ቬጋስ ውስጥ የተጀመረው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የዚያኑ ዕለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሰዓት ነው። እናቱ ከቅዳሴ ተመልሰው ዶሮ ወጡን ለመፈሰኪያ ሲያቀርቡ ልጁ አንድ እጁ እንጀራ ላይ፣ አንድ አይኑ ስልኩ ላይ ነበር።

“አንተ ልጅ፣ በትንሣኤ ሌሊት ሰው ሲደባደብ ታያለህ?” አሉት። ስልኩን አስቀመጠ። ሴዝ ሮሊንስ ሮማን ሬይንስንና ሲ ኤም ፓንክን በአንድ ፍልሚያ ማሸነፉን የሰማው ከነጋ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሌሊት ግን የሚለምነው አላስፈለገም። ጆን ሲና ከኮዲ ሮድስ ጋር ለቀበቶው ይገጥማል። ልጁ ደብተሩ ላይ “ሲና ያሸንፋል፤ ግን በማጭበርበር” ብሎ ጽፎ ነበር። ሲና ዳኛው ባላየበት ኮዲን ከወገብ በታች መታው፤ በቀበቶውም ግንባሩን አለው። በዚህም የ16 ጊዜ ሻምፒዮኑን የሪክ ፍሌርን ሪከርድ አልፎ 17ኛውን ማዕረግ ያዘ። ደብተሩ ላይ ምልክት ተደረገ። ይሁን እንጂ ልጁ ደስ አላለውም። “ትክክል ገመትኩ። ግን የልጅነት ጀግናዬ ሌባ ሆኖ ሲያሸንፍ ማየት አልፈለግኩም ነበር” ይላል።

<b>ውጤቱ የተጻፈ ነው፤ መውደቁ ግን እውነት</b>

ወንድማማቾቹ መሀል አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ታላቅየው ሲናን ሆኖ፣ የ8 ዓመቱን ታናሽ ወንድሙን ትከሻው ላይ ተሸክሞ አልጋ ላይ ሊወረውረው ሞከረ። ልጁ አልጋው ላይ አልወደቀም። የግራ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ ጋ ተወስዶ ታሸ፤ በኋላም ሐኪም ዘንድ ሄደ። ክንዱ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይቆረጥመዋል። አባታቸው ያን ዕለት ታላቅየውን ገረፉት፣ ቪዲዮ ቤት መሄድም ተከለከለ። “ዱላው አልነበረም የከፋኝ። ‘ውሸት ነው፣ አያመውም’ ብዬ ነበር ያነሳሁት” ይላል።

ሬስሊንግን “ውሸት” ብሎ ማለፍ የማይቻለው ለዚህ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ተስማምተው ቢገቡም፣ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከላይ ሲወርድ ምንጣፉ አይዋሽም። ካናዳዊው ኦወን ሃርት እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ለመግቢያ ትርኢት ከአዳራሹ ጣራ በገመድ ሲወርድ ተፈጥፍጦ ሞቷል። 34 ዓመቱ ነበር። ዝግጅቱ ግን ቀጥሏል። የኮፊ ኪንግስተን የቡድን ጓደኛ ቢግ ኢ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2022 ከሪንጉ ውጪ በጭንቅላቱ ወርዶ የአንገቱ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሳይፋለም ዓመታት አልፈዋል። እነዚህን ማንም አልጻፋቸውም፣ ማንም አልገመታቸውም።

አሁን ታላቅየው ሱቁ ደጃፍ ላይ የሰፈር ሕጻናት ሲተላለቁ ካየ ሥራውን ትቶ ይወጣል። “እዩት እንጂ አትሞክሩት” ይላቸዋል። የማይሰሙትን ወደ ወንድሙ ይልካቸዋል፤ ወንድሙም እጅጌውን ሰብስቦ ያሳያቸዋል።

<b>ታናሽየው ያሸነፈባት ሌሊት</b>

ከታህሳስ 5 በፊት በነበረው ሳምንት ወንድማማቾቹ አልተስማሙም። ለመጀመሪያ ጊዜ ታናሽየውም በደብተሩ ላይ ግምቱን ጻፈ፦ “ጉንተር፤ ሲና እጅ ይሰጣል።” ውርርዱ የአንድ ሳምንት የጠዋት ፉል ነበር።

ታናሽየው ያቀረበው ማስረጃ ሁሉ ከታላቅ ወንድሙ የተማረው ነው። የሚሄድ ይሸነፋል፤ ሲና ደግሞ ሊሄድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ቶሮንቶ ላይ ለሕዝብ ተናግሯል። ጉንተር 666 ቀናት ሳይነጠቅ አንድ ቀበቶ የያዘ፣ ገና ብዙ የሚቆይ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ጎልድበርግ የመጨረሻ ፍልሚያውን ሲያደርግ ያሸነፈውም እሱው ነበር። “አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ለምን ራስህን አትሰማም?” አለው።

ታላቅየው መልስ አጣ። ግን አልተመለሰም። “ሲና” ብሎ ጻፈና ሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የኳስ ደጋፊዎች የሚስቁበት ልጅ በዚያች ሌሊት ከእነሱ በምንም አልተለየም። ነሐሴ ላይ ሊጉ ሊጀመር ሲል “ዘንድሮ የኛ ነው” የማይል ደጋፊ ማን ነው? አጥቂው እንደተጎዳ፣ በረኛው እንደተሸጠ እያወቀ ቡድኑን ለሽንፈት የሚጽፍ የትኛው ነው? ልጁ ሌላውን ተፋላሚ ሁሉ በጭንቅላቱ ይገምታል። ሲናን ግን በ12 ዓመቱ አግዳሚ ወንበር ላይ በተቀመጠው ልጅ ልብ ነው የገመተው። ደራሲው የራሱን ጽፏል፤ ልጁም የራሱን ጻፈ። የደራሲው ሆነ።

ከነጋ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ወጥተው ወደ ፉል ቤቱ አመሩ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሚኒባሶች ቦሌ፣ ቦሌ ይላሉ። ታላቅየው አልተናገረም። ትኩስ ፉል ቀርቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ግማሽ ያህሉን ከበሉ በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

“ፈገግ ያለው ግን አይተኸዋል?”

“አይቼዋለሁ።”

“ያንን አልጻፍንም።”

ታናሽየው ሳቀ። ታላቅየው ደብተሩን ከጃኬቱ አውጥቶ “ሲና” የሚለው ላይ የስህተት ምልክት አደረገ፣ ከወንድሙ ግምት አጠገብ ደግሞ የትክክል። የፉሉን ሂሳብ ከፍሎም ሱቁን ሊከፍት ሄደ።