ከታመመች እናት ጤነኛ ልጅ

ቱሊፕና ሊሊ እንደ ሽንኩርት ራስ የሚያበጁ አበቦች ናቸው። ራሱ አፈር ውስጥ ልጆች ያወጣል፤ አምራቹ ነጥሎ መልሶ ይተክላቸዋል። ከዘር ያደገው አበባ እናቱን አይመስልም፣ ቱሊፕ ከሆነም እስኪያብብ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። በራሱ ይራባ ከተባለ ደግሞ በዓመት የሚሰጠው ሁለት ሦስት ልጅ ነው። ስለ ቲሹ ካልቸር (ተክልን ከቁራጩ በብልቃጥ ውስጥ ስለማራባት) በተነሣ ቁጥር ፍጥነቱ የሚወደሰው ለዚህ ይመስለኛል። ትልቁ ውለታው ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ተክሉን ከበሽታ ማጽዳቱ ነው።

ከእናቱ ራስ የተከፈለ ልጅ ቫይረሷንም ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ሆላንድ ውስጥ ሀብታም የተሻማበት ሴምፐር አውጉስቱስ የተባለ ቱሊፕ፣ በነጭ ላይ እንደ እሳት ነበልባል የሚወጣ ቀይ ነበረው። ዛሬ እንደምናውቀው እንዲህ ያለውን ዝንጉርጉር የሚያመጣው ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የአበባውን ራስ ያደክማል፣ ልጅም ያሳጣዋል። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው ለበሽታ ነበር ማለት ነው!

ሊሊን በቲሹ ካልቸር ለማራባት ባለሙያው የአበባውን ራስ እንደ ነጭ ሽንኩርት ይፈነክታል፣ ፍንካቹን በበረኪና ያጸዳል፣ ቆራርጦም ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ያኖረዋል። ከሳምንታት በኋላ ከቁራጩ ግርጌ ጥቃቅን ራሶች ብቅ ይላሉ። ቫይረሱን ለማስወገድ ግን ቁራጩ እጅግ ማነስ አለበት፤ በማይክሮስኮፕ እየታየ የሚነሣ፣ 1 ሚሊሜትር የማይሞላ የቡቃያ ጫፍ። ቫይረስ በተክሉ ውስጥ ሩቅ የሚጓዘው በምግብ ማመላለሻ ቧንቧዎች ነው፤ ይህ ጫፍ ገና ቧንቧ አላበጀም። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ሞሬልና ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1952 በዳልያ አበባ ያሳዩት ከእንዲህ ያለ ጫፍ ጤነኛ ተክል እንደሚገኝ ነው።

«ማሳ ሲወርድ መልሶ ይያዝ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይያዛል። ስለዚህም ነው ተመርምረው ንጹሕ የተባሉት እናቶች ክሽክሽ በማያስገባ መረብ ቤት የሚጠበቁት። ደጋግሞ ማባዛት የተክሉን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል የሚለው ስጋትም እውነት ነው፤ መፍትሔው የማባዛቱን ዙር መቀነስና እንደገና ከእናቲቱ መጀመር ነው። ፍጥነቱ እንኳ ሲወራ እንደሚሰማው አይደለም፦ ከብልቃጥ የወጣው የሊሊ ራስ ለሳምንታት ቅዝቃዜ ካላገኘ አይነቃም፣ ከተተከለም በኋላ አድጎ ለማበብ ዓመታት ይፈልጋል።

ቱሊፕማ በብልቃጥ ውስጥ ግትር ነው፤ እንደ ሊሊ በቀላሉ አይራባም። ስለዚህም በሆላንድ ማሳዎች ዛሬም ሠራተኞች በመደዳው መሃል እየዞሩ፣ ያ የጥንቱ ነበልባል የታየበትን ቱሊፕ ከነራሱ ነቅለው ይጥላሉ።