አዲስ የተገጠመ ኮምፒዩተር አልነሣ ባለ ጊዜ ስለሚደረግ ምርመራ

ኮምፒዩተር ብዙ ክፍሎች በአንድነት ተገጥመው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ከቦታው ጥቂት እንኳ ዘንበል ቢል፥ ወይም ከገመዶቹ አንዱ ሳይሰካ ቢቀር፥ መሣሪያው በሙሉ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ የሚገጥም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር የኮምፒዩተር ዝምታ ሞት አለመሆኑን ነው። አዲስ የተገጠመ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ እንዳይነሣ የሚያደርገው የዕቃው መበላሸት ሳይሆን የአገጣጠሙ ጉድለት ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ለአዲስ አበባ ገበያ ቅርብ ስለ ሆኑ፥ የኮምፒዩተር ክፍሎችን ከመርካቶ ገዝቶ በትምህርት ቤት መግጠም ለእነርሱ የሚቻል ነገር ነው። ነገር ግን የተገጠመው ኮምፒዩተር አልነሣ ባለ ጊዜ፥ ሳይመረምሩ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ መፍረድ ደኅናውን ዕቃ አስጥሎ ሌላ ያስገዛል። ጉድለቱ ያለው በሌላ ክፍል እንደ ሆነ ግን አዲስ የተገዛውም ማዘርቦርድ እንደ ፊተኛው ዝም ይላል፤ ወላጆች ያዋጡትም ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይጠፋል።

ከምርመራው አስቀድሞ ለሕይወት መጠንቀቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ሊገድል ይችላል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን ይህን ኀይል ተቀብሎ ወደ 12፥ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ በማድረግ ለሌሎቹ ክፍሎች ያድላል። ሣጥኑ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ በውስጡ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፥ በተማሪም ሆነ በአስተማሪ እጅ ከቶ አይከፈትም። ሌላውንም ክፍል ከመንካት በፊት ገመዱ ከግድግዳው ይነቀላል፤ ከዚያም የማስነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኀይል ይወጣል።

በበጋ ወራት አየሩ በደረቀ ጊዜ፥ የሱፍ ልብስ የለበሰ ሰው በሰውነቱ ላይ የማይታይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ይህ ኤሌክትሪክ ለሰው የማይሰማ ያህል ትንሽ ቢሆንም ረቂቁን የኮምፒዩተር ክፍል ሊያበላሽ ይችላል። ብርድ በሚበዛበት በሱሉልታ ሱፍ ለብሶ የሚሠራ ተማሪ፥ ዕቃውን ከማንሣቱ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኮምፒዩተሩን ሣጥን ብረት መንካት ይገባዋል። ዕቃው ከብርድ ቦታ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ እንደ ሆነም ጤዛ ሊይዝ ይችላልና እስኪደርቅ ድረስ ኤሌክትሪክ አይሰጠውም።

ከዚህ በኋላ መርማሪው የዝምታውን ዐይነት ይለያል። ሐኪም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት በሽተኛው የት እንደሚያመው እንደሚጠይቅ፥ እንዲሁ መርማሪው መጀመሪያ ምልክቱን ይመለከታል። ዝምታውም ሦስት ዐይነት ነው፤ 1ኛ መብራቱም ማራገቢያውም ፈጽሞ አለመንቀሳቀስ፤ 2ኛ ማራገቢያው እየዞረ በስክሪኑ ላይ ምንም አለመታየት፤ 3ኛ ጽሕፈት እየታየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለመነሣት ነው።

በመጀመሪያው ዐይነት ምርመራው ከግድግዳው ይጀምራል። ሶኬቱ መሥራቱ በሌላ ዕቃ፥ ለምሳሌ በስልክ ቻርጀር፥ ይፈተናል። ቀጥሎ በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ መከፈቱ ይታያል። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚሉ ቁጥሮች ያሉት መለወጫ አለ፤ ለኢትዮጵያ የሚሆነው 230 ነው። በ115 ላይ ሳለ ቢሰካ ይቃጠላልና ይህ ከመሰካቱ በፊት መታየት አለበት። ከዚያም 24 ቀዳዳ ያለው ትልቁ ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ እስከ መጨረሻው መግባቱ ይመረመራል። በመጨረሻም ከማስነሻው ቁልፍ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ከማዘርቦርዱ መምሪያ መጽሐፍ ጋር ይተያያሉ፤ እነዚህ ሽቦዎች አንድ ጥርስ ያህል ተሳስተው ቢሰኩ ቁልፉ ምንም ቢጫኑት አይሠራም።

በሁለተኛው ዐይነት ኤሌክትሪክ ደርሷል፤ የጎደለው ሌላ ነው። አስቀድሞ የስክሪኑ ገመድ የተሰካበት ቦታ ይታያል። ኮምፒዩተሩ ለብቻው የተገጠመ የግራፊክስ ካርድ ካለው፥ ገመዱ በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ አይሰካም። ሥዕል የሚያወጣ ክፍል በውስጣቸው የሌላቸው ፕሮሰሰሮችም አሉ፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በስማቸው መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለባቸው እንደዚህ ያሉ ናቸው። እነዚህ ያለ ግራፊክስ ካርድ በስክሪን ላይ ምንም አያሳዩም።

ቀጥሎ በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው 4 ወይም 8 ቀዳዳ ያለው ገመድ ይታያል። አዲስ ገጣሚዎች ይህን ገመድ ብዙ ጊዜ ይረሱታል፤ እርሱ ሳይሰካ ማራገቢያዎቹ ሊዞሩ ስለሚችሉም ነገሩ ያሳስታል። ከዚያ በኋላ ራም ይመረመራል። ራም ጠቅ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ካልተጫነ የገባ መስሎ ሳይገባ ይቀራል። ሁለት ራም ካለ አንዱ ተነቅሎ ሌላው ብቻ መምሪያው በሚያዝዘው ቦታ ይፈተናል፤ ቀጥሎም ይለዋወጣሉ።

ኮምፒዩተር በተነሣ ጊዜ መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል። በነሐሴ 1973 ዓ.ም. የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ይህን ምርመራ ፈጽሞ ደኅና በሆነ ጊዜ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ሌላ ዐይነት ድምፅ ካሰማ ግን የጉድለት ምልክት ነበረ። ዛሬም በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሲፒዩ፥ ዲራም፥ ቪጂኤ፥ ቡት የሚሉ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ በርቶ ቢቀር ፕሮሰሰሩን፥ ራሙን፥ ግራፊክሱን ወይም ዲስኩን በቅደም ተከተል ያመለክታል። ነገር ግን ዲዲአር 5 የሚባለው ራም ያለው ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ጊዜ ራሙን ለመለካት ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ቶሎ ብሎ ቢያጠፋው ልኬቱ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮምፒዩተሩ ዝም ካለ፥ ክፍሎቹን ወደ ጥቂቶች መቀነስ ያስፈልጋል። ማዘርቦርዱ ከብረት ሣጥኑ ወጥቶ በደረቅ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፤ በእርሱም ላይ ፕሮሰሰሩ ከማቀዝቀዣው ጋር፥ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቀራሉ፤ ካስፈለገም ግራፊክስ ካርዱ ይጨመራል። ማቀዝቀዣው የሌለው ፕሮሰሰር ግን አይነሣም። ከሣጥኑ የሚወጣበት ምክንያት ይህ ነው፤ ማዘርቦርዱን ከብረቱ የሚያርቁት ትንንሽ እግሮች ያለ ቦታቸው ቢገቡ ጀርባውን ነክተው ኤሌክትሪኩን ያለ መንገዱ ያሳልፉታል። በካርቶን ላይ ከተነሣ ጉድለቱ ከተቀነሱት ክፍሎች በአንዱ ወይም በሣጥኑ ውስጥ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ከዚያም ክፍሎቹ አንድ በአንድ እየተጨመሩ በየጊዜው ይፈተናሉ።

የምርመራው ዋና ሕግ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አለመለወጥ ነው። ራሙንም ገመዱንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፥ ኮምፒዩተሩ ቢነሣለት እንኳ ያስነሣው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም። ስለዚህ የተለወጠው ነገርና የታየው ምልክት በየጊዜው በደብተር ይጻፋል።

ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። በጳጉሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም. በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የሚባለው ትልቅ የስሌት መሣሪያ በተሳሳተ ጊዜ፥ ሠራተኞቹ ክፍል በክፍል መርምረው በአንድ ሪሌ ውስጥ የገባች የእሳት ራት አገኙ። ራቷንም በመዝገባቸው ላይ ለጥፈው ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፤ ያም መዝገብ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይገኛል። ያን ያህል ትልቅ መሣሪያ ያሰናከለው ነገር በጣት የሚያዝ ነፍሳት ነበረ፤ የተገኘውም በግምት ሳይሆን በሥርዐት በመፈለግ ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ዝምታ ከሁሉ የቀለለ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚነሣበት ዲስክ እንዳልተገኘ የሚናገር ጽሕፈት ከታየ፥ ኮምፒዩተሩ ራሱን መርምሮ ጨርሷል ማለት ነው። አዲስ ዲስክ ባዶ ስለ ሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ተደርጎ ይጫንበታል። ዲስኩ በባዮስ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ ግን አሰካኩ ይመረመራል።

አንድ ክፍል ተበላሽቷል የሚባለው ደኅና መሆኑ በታወቀ ሌላ ክፍል ሲተካ ኮምፒዩተሩ የተነሣ፥ ሲመለስ ደግሞ ዝም ያለ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ዕቃው ከደረሰኙና ከደብተሩ ጋር ወደ ሻጩ ይወሰዳል። ነጋዴው «አገጣጠማችሁ ነው» ቢል፥ የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን ከየትኛው ጋር እንደ ተፈተነ የሚያሳየው ደብተር ለትምህርት ቤቱ ምስክር ይሆነዋል።